የሚመሳሰሉ የተራራ አበቦችን እንዴት እንለያለን?

(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አበባ ነው። «ቤትና ሥራ ሳይሟላልን ስለ አበባ ምን አስጨነቀን?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ጋር ለቲዩል ወደ ቀርሜሎስና ወደ ገሊላ ተራሮች ይወጣሉ። እዚያ ከሚያገኟቸው አበቦች አንዳንዶቹ መርዛም ናቸው፤ ብዙዎቹን መቁረጥ ደግሞ በሕግ ያስቀጣል።

በገጠር ያደጋችሁ አባቶችና እናቶች ቅጠልና ሥር ለይታችሁ ታውቃላችሁ። ይህ እውቀት ክቡር ነው። ሆኖም የዚያ ተራራ እውቀት ብቻውን ለዚህ ተራራ አይበቃም።

በመጀመሪያ ሐጻቭን እንመልከት። በኢትዮጵያ አደይ አበባ የሚፈካው ዝናቡ ሲያበቃ ነው። እዚህ ግን ሐጻቭ የሚያብበው ከዝናቡ በፊት፣ በሮሽ ሐሻና አካባቢ፣ ከደረቀ መሬት ወጥቶ ነው። አገዳው እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይረዝማል፤ ትንንሽ ነጫጭ አበቦቹ ከታች ወደ ላይ በተራ ይፈካሉ። በዚያን ጊዜ ቅጠል የለውም፤ ቅጠሉ የሚመጣው በኋላ፣ በብርዱ ወራት ነው። ሥሩ ትልቅ ሽንኩርት ይመስላል። አትሳሳቱ፤ ልብን የሚጎዳ መርዝ አለበት።

ሁለተኛው ሾሻን ጻሖር፣ ማለትም ነጩ ሾሻን ነው። የአንድ ሰቅል ሳንቲም አውጥታችሁ ብታዩ የሾሻን አበባ ሥዕል ታገኛላችሁ። ነጩ ሾሻን በቀርሜሎስና በላይኛው ገሊላ ገደላማ ቦታዎች በግንቦት ገደማ ያብባል። እንደ ሐጻቭ ነጭ ቢሆንም ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ አበቦቹ ትልልቅና ጥቂት ናቸው፤ አገዳው ከታች እስከ ላይ ቅጠል አለው፤ መዓዛውም ከሩቅ ይጠራል። በጣም ብርቅ ስለሆነ ያየው ሰው ዕድለኛ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስቱት ስትቫኒትና ካርኮም ናቸው። ሁለቱም ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይሉ ያብባሉ። ሁለቱም ስድስት የአበባ ቅጠል አላቸው። ስትቫኒት ሐምራዊ ወይም ሮዝ ናት፤ ካርኮም ብዙ ጊዜ ነጭ ነው፤ ግን ሐምራዊ ካርኮምም ስላለ በቀለም ብቻ አትፍረዱ። ጎንበስ ብላችሁ በአበባው መካከል የቆሙትን፣ ጫፋቸው ዱቄት ያለበትን ቀጫጭን ዘንጎች ቁጠሩ። ስድስት ከሆኑ ስትቫኒት ናት፤ ሦስት ከሆኑ ካርኮም ነው።

ይህ ቆጠራ ጨዋታ አይደለም። ዛፍራን የሚባለው ውድ ቅመም ከአንድ የካርኮም ዓይነት የሚገኝ በመሆኑ፣ ካርኮም ያገኘ መስሎት ስትቫኒትን የሚቀምስ ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ስትቫኒት ከአበባዋ እስከ ሥሯ ኮልቺሲን የሚባል መርዝ አለባት። ሕመሙ ወዲያው አይታይም፤ ትውከቱና ተቅማጡ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው። ስለዚህ ልጅ የማይታወቅ አበባ ወይም ሥር ከበላ «ምንም አልሆነም» ብላችሁ አትጠብቁ። ወዲያውኑ ወደ 101፣ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም ደውሉ፤ የበላውንም ተክል ቁራጭ ለሐኪም አሳዩ። ቆጠራውም ለማወቅ እንጂ ለመብላት አይደለም፤ ሦስት ቆጠርን ብሎ መቅመስ አይገባም።

ሕጉንም እወቁ። ጥበቃ የተደረገላቸውን የዱር አበቦች መቁረጥ፣ መንቀልና መሸጥ የተከለከለ ነው። ነጩ ሾሻን ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ ለሰንበት ቤታችሁን በአበባ ማስጌጥ ስትፈልጉ ከሱቅ ግዙ፤ የተራራውን በተራራው ተዉት።

በሚቀጥለው ቲዩል ከልጆቻችሁ ጋር ውጡ። ልጁ የዕብራይስጡን ስም ይንገራችሁ፤ እናንተ ደግሞ ቅጠሉን፣ አገዳውንና ወቅቱን አስተውሎ ማየትን አስተምሩት። አይታችሁ፣ አሽትታችሁ፣ ቆጥራችሁ በሰላም ተመለሱ።