ለአንድ ሕመምተኛ ብቻ የተቀመመ መድኃኒትና ሕጉ



መድኃኒት ለሕዝብ ከመሰራጨቱ በፊት በብዙ ሰዎች ላይ ይፈተናል። ለአንድ ሰው ብቻ የተቀመመ መድኃኒትስ በማን ላይ ይፈተን? በአሜሪካ ሕግ አውጪዎችን ያስጨነቀው ጥያቄ ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲያው የሐሳብ ክርክር አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ቲሞቲ ዩና ባልደረቦቻቸው ባተን በተባለው የአንጎል በሽታ ለተያዘች አንዲት ልጅ፥ የእርሷን የዘረ መል ስሕተት ብቻ ሸፍኖ የሚያልፍ መድኃኒት ሰጡ። ሚላሰን የተባለው ይህ መድኃኒት የተዘጋጀው በአንድ ዓመት ገደማ ነበር። የሚጥለው ሕመም ቢቀልላትም፥ ልጅቱ በ2021 ዐረፈች። በሽታው አስቀድሞ ብዙ ርቆ ነበርና።

በዚያው በ2018 ግንቦት ወር የጸናው የፌዴራል «የመሞከር መብት» ሕግ፥ ሌላ ፈውስ ያጣ ሕመምተኛ ያልጸደቀ መድኃኒት ያለ መንግሥት ፈቃድ እንዲያገኝ አስችሏል። ነገር ግን መድኃኒቱ የመጀመሪያውን ደረጃ ፈተና ያለፈ መሆን አለበት ይላል። ለአንድ ሰው የተሠራ መድኃኒት ይህን ሊያሟላ ከቶ አይችልም። ሕጉ በሩን ከፍቶ ሲያበቃ ደፉን ከፍ አድርጎ ሠራው ማለት ነው። አሪዞና በ2022 ይህን ክፍተት ለመሙላት የራሷን ሕግ በማውጣት ከክፍለ ግዛቶቹ ሁሉ ቀዳሚ ሆነች። ሆኖም የክፍለ ግዛት ሕግ የፌዴራሉን ሕግ አይሽርም፤ በዚህ ላይ የሚነሣው ሙግት ገና ብዙ ነው።

የአዲሱ ሕግ ደጋፊዎች የቢሮ መዘግየት ሰው ይገድላል ይላሉ። እውነትነት አለው፤ ነገር ግን የፊላደልፊያው ሕፃን ታሪክ ሌላ ያስረዳል። ሰውነቱ አሞኒያን ማስወገድ ለተሳነው ለዚህ ሕፃን፥ ሐኪሞች በስድስት ወር ውስጥ ዘረ መሉን የሚያርም መድኃኒት ሠርተው በ2025 ሰጡት። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ለአንድ ሕመምተኛ ብቻ የሚሆነውን ፈቃድ በአንድ ሳምንት ሰጠ። ስድስቱ ወር ያለፈው በቤተ ሙከራ እንጂ በጽሕፈት ቤት አልነበረም።

እንግዲህ ከባዱ ችግር ማኅተሙ ብቻ አይደለም። የፌዴራሉ ሕግ ማንንም አምራች መድኃኒት እንዲሰጥ አያስገድድም፤ ወጪውንም የሚሸፍን አያዝም። መብቱን በእጁ የያዘ፥ ነገር ግን ቀማሚም ከፋይም የሌለው ወላጅ ከልጁ አልጋ ሥር ተቀምጦ ይቀራል። ስምምነቱን ፈርም ቢባልም፥ ከእርሱ በፊት ማንም ያልቀመሰውን መድኃኒት አደጋ በቁጥር ሊነግረው የሚችል ሐኪም የለም።