ተክሊሉ ደሴ፣ ደብዳቤው ከከሚሴ

እሱ፦ ከሚሴ የምትኖር ሙሽራ ተክሊሏን ዘመዶቿ ካሉበት ደሴ ማድረስ ብትፈልግ ምን ይጠብቃታል?

እሷ፦ መጀመሪያ የንስሐ አባቷ። እሳቸው ይመሰክሩላትና አጥቢያዋ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይጽፍላታል። ሌላ ቃል ኪዳን እንደሌለባት የሚያውቀው አጥቢያዋ ነው እንጂ የደሴው ደብር ከየት ያውቃል?

እሱ፦ ወረቀት በወረቀት በይኛ!

እሷ፦ ወረቀቱስ ቀላል ነው። ተክሊል ለደናግል ነው፤ ሌላው ንስሐ ገብቶ በቁርባን ይጋባል። ዝምድናውም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ሠርግ የለም።

እሱ፦ እዚህ ከሚሴ አብዛኛው ጎረቤታችን ሙስሊም አይደል? ኒካህ አጥቢያ አይጠይቅም። የልጅቷ ወሊይ የሚሆን የቅርብ ወንድ ዘመድ፣ ሁለት ምስክርና ለሙሽራዋ የሚሰጠው መህር ካሉ ቤት ውስጥም ይታሰራል።

እሷ፦ ልክ ነህ፤ ግን ወሊዩም የሚያውቃት ሰው ነው፤ እኔ ከንስሐ አባቱ ብዙም አልለየውም። ለማንኛውም ሁለቱም ጋብቻ ቀበሌ ሄዶ ወሳኝ ኩነት ላይ መመዝገብ አለበት፤ 18 ዓመት ያልሞላውን ደግሞ ሕጉ አያጋባም።

እሱ፦ ንስሐ አባት ሳትይዝ ኖራ፣ ለሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው «ደብዳቤ ጻፉልኝ» ብትልስ?

እሷ፦ የድንኳኑን ተከላ ታስቁመዋ!