የተቆጠረው ሼድ፣ ያልተቆጠረው እንጀራ
በድሬዳዋ ለመራጮች የተደረገ የፓርቲያችን ንግግር





ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ገዢውን ፓርቲ ለመስደብ አይደለም። ስድብ እንጀራ አይሆንም። የመጣነው አንድ ጥያቄ ይዘን ነው፦ በምርጫ ሰሞን የተገባ ቃል፣ ምርጫው ሲያልፍ ማን ይጠየቅበታል? መልሱን ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ደጃችን ያለውን የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንይ።

ድሬዳዋ ኢንዱስትሪን ከካድሬ የተማረች ከተማ አይደለችም። በ1895 ዓ.ም. ባቡር እዚህ ሲደርስ ከተማዋም አብራ ተወለደች። ጨርቃ ጨርቁ፣ ሲሚንቶው፣ የባቡሩ ወርክሾፕ ስንት ቤተሰብ አሳድገዋል፤ በሠራተኛ ደመወዝ ስንት ልጅ ተምሯል። አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ መምጣት ሲያቆም የከዚራ ጣቢያ ብቻ አልነበረም ጭር ያለው። ሻይ ሻጯ፣ ጫኝ አውራጁ፣ ባለጋሪው፣ አልጋ አከራዩ ሁሉ ገበያው ቀዘቀዘ። ስለዚህ "ፋብሪካ ይመጣል፣ ባቡር ይመለሳል" የሚል ቃል ለድሬ ሰው ተራ ወሬ አልነበረም። የቆሰለ ቦታው ላይ የተነገረ ተስፋ ነበር።

ቃሉ ምን ነበር? ኢሕአዴግ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ባወጣው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 2,395 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ እንደሚዘረጋ ተናገረ። ዕቅዱ ሲያበቃ ግን በአገር አቋራጭ ሐዲድ ላይ አገልግሎት የጀመረ አንድም አዲስ መስመር አልነበረም። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ጣቢያው ከከተማችን ወጣ ብሎ ስለተሠራ የድሮው የጣቢያ ገበያ አልተመለሰም። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ የባቡሩ ብድር መክፈያ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንደተራዘመ ተነገረን። ወገኖቼ፣ ይህ ማለት ዕዳውን የሚከፍሉት ዛሬ ትምህርት ቤት ያሉት ልጆቻችን ናቸው ማለት ነው። በአማራ ክልልም የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ መስመር ገንዘብ ወጥቶበት ለዓመታት ያለ አገልግሎት ተቀምጧል። የኮምቦልቻ ሰው የሚያቀርበው አቤቱታና የኛ አቤቱታ አንድ ነው።

ወደ ፓርኩ እንመለስ። በ2007 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886 ወጣ። የቻይና ኩባንያ ገንብቶ በመጀመሪያው ምዕራፍ 150 ሄክታር መሬት ላይ 15 ሼዶች አቆመ። ሼዱ ሲቆም ቃሉ ተፈጸመ ተባለ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው! ለድሬዳዋ ወጣት ቃል የተገባለት ሥራ እንጂ ቆርቆሮ አልነበረም። ፓርኩ ውስጥ ሠርቶ የሚያድር የለም አላልንም፤ አለ። የምንለው የተስፋው መለኪያ ሼድ ሳይሆን ደመወዝ መሆን ነበረበት ነው።

ቃሉ የጎደለባቸውን ሦስት ቦታዎች እንቁጠር።

አንደኛ፣ ደመወዝ። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በሐዋሳ ባደረጉት ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን አሳዩ፤ ከዓለም ዝቅተኛው ነው አሉ። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደነገገ። በ2017 ዓ.ም. የሠራተኞች ቀን ሲከበር ግን የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ይህንኑ ጥያቄ ገና ያነሳ ነበር። በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የዘይቱን ዋጋ ከቀፊራ ገበያ የምትመለስ እናት ታውቀዋለች።

ሁለተኛ፣ ሰላም። ከጥር 2022 መግቢያ፣ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምትልክበት የአጎዋ ዕድል ወጣች። ምክንያቱ በሰሜን የነበረው ጦርነት ነው። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ከሐዋሳ ፓርክ ትልቁ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ፋብሪካ በጦርነት መሐል አይበቅልም። ሥራ እሰጣለሁ ያለ መንግሥት ሰላምንም አብሮ ቃል ገብቷል።

ሦስተኛ፣ ተጠያቂነት። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ፓርኩንም ያቋቋመው የፌዴራል ኮርፖሬሽን ነው። ወጣቱ ቀበሌ ሲሄድ "የእኛ ሥልጣን አይደለም" ይባላል፤ አዲስ አበባ ያለው ባለሥልጣን ደግሞ ሳቢያንና ለገሃሬን አያውቃቸውም። የመሬቱ ባለቤት የነበረው ገበሬስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ካሣ ይገባዋል ይላል። ስንቱ ተከፈለው፣ ስንቱ ተቀጠረ ብሎ በየዓመቱ ለሕዝብ የሚያነብ ማን ነው?

በ2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ስሙን ለውጦ ብልጽግና ሆነ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በስድስተኛው ምርጫ ድምፃችሁን ጠየቀ። ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና እዚሁ ድሬዳዋ ተመረቀ። ሐሳቡን አንቃወምም፤ ለወደብ ቅርብ የሆነች ከተማ ይገባታል። ነገር ግን አዲስ ሪባን መቁረጥ የድሮውን ቃል አይሰርዝም። ድርጅት ስሙን ቢለውጥ ዕዳው አይለወጥም፤ ነጋዴዎቻችን ይህን ያውቃሉ። ደግሞም በ2017 ዓ.ም. መካከለኛ ገቢ ያላት አገር እንሆናለን ተብለን ነበር። 2017 መጥቶ አለፈ። የላም አለኝ በሰማይ ነገር ሆነብን።

ጉዳቱ የድሬ ብቻ አይደለም። የሽንሌ፣ የሐረርና የሐረርጌ ገጠር ወጣት ሥራ ፍለጋ ዓይኑን የሚጥለው እዚህ ነው። እዚህ ሲያጣ መንገዱ በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር ይሆናል። የስንቱን ቤት ልጅ ያ ባሕር እንደበላ እዚህ የተቀመጡ እናቶች ያውቁታል።

እኛስ ምን እንላለን? ጥቂት እንላለን፤ የምንለውን ግን ቁጠሩት።
1. የደመወዝ ቦርዱ በሥልጣን ዘመናችን የመጀመሪያ ዓመት እንዲቋቋም ረቂቅ ደንብ እናቀርባለን።
2. የፓርኩና የነፃ ንግድ ቀጣናው የቅጥር፣ የደመወዝና የካሣ ዝርዝር በየስድስት ወሩ በከተማው ምክር ቤት በይፋ እንዲነበብ እናደርጋለን።
3. በሁለቱም አስተዳደር ውስጥ የድሬዳዋ ነዋሪና የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ድምፅ እንዲኖረው እንታገላለን።
4. ያልፈጸምነውን በዓመቱ መጨረሻ እዚሁ መጥተን እንነግራችኋለን።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ስለዚህ ይህችን ወረቀት አትጣሏት። ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጧት። ብትመርጡን ይዛችኋት መጥታችሁ ጠይቁን፤ ካልፈጸምን በሚቀጥለው ምርጫ ቅጡን። ባትመርጡንም ለሚያሸንፈው አሳዩት። ድምፃችሁ የሰጣችሁት ብድር ነው፤ አበዳሪ ደግሞ የመጠየቅ መብት አለው።