የቀረበው ሒሳብ ሲታረም
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



በየዓመቱ በዚህ ስብሰባ ላይ የምንናገረው ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ወንበሩና ስለ ወርኃዊው መዋጮ ነው። ዘንድሮ ስለ ግብር እንድንናገር ያስገደደን ምክንያት አለ። ሐዘን ቤት ከርመን፣ ድንኳኑን ነቅለን ስንመለስ፣ የሟች አርባ ሳይወጣ ባለቤታቸው ወይም ልጆቹ ወረቀት ይዘው ወደ ኮሚቴው ይመጣሉ። ቤቱን በወራሽ ስም ለማዛወር ሲሄዱ «የግብር ክሊራንስ አምጡ» ተብለዋል። ክሊራንሱን ሲጠይቁ ደግሞ ሟች ያስታወቁት ኪራይና ተከራዮቹ በእርግጥ የሚከፍሉት ኪራይ አይገናኝም። እድር ቀባሪ እንጂ ሒሳብ አዋቂ አይደለም ብለን ዝም ማለት ይቻል ነበር። ይሁንና ጉዳዩ ከቀብር ጋር ተያይዞ መጣብን።

በመጀመሪያ ይህ ግብር የማን እንደሆነ እንወቅ። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 መሠረት፣ ከግል ቤት ኪራይ የሚገኝ ገቢ ግብርና የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ነው። ስለዚህ በሓወልቲም ሆነ በዓይደር፣ በኩዊሓም ሆነ በዓዲ ሓቂ ሰርቪስ ቤት ያከራየ ሰው ግብሩን የሚከፍለው ለክልሉ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች በ2008 ዓ.ም. ከወጡት ከፌደራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 እና ከታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 የተወሰዱ ናቸው። ክልሎች የየራሳቸውን አዋጅ በዚሁ አምሳል ያወጡ ስለሆነ፣ የእያንዳንዳችሁን ሒሳብ ከመዝጋታችሁ በፊት ቁጥሩን ከክልሉ ገቢዎች ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በየቤታችን የተለመደው አሠራር ይታወቃል። አደይ ወይም አቦይ ዕድሜያቸው ስለገፋ ግብሩን የሚያስታውቀው ልጅ ነው፤ ልጁ ሌላ ከተማ ካለ የጎረቤት ልጅ ይላካል። እናት «ሁለቱን ክፍል ብቻ ጻፍ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ለዘመድ ነው የተሰጡት» ይላሉ። በኋላ ዘመድ ወጥቶ ተከራይ ይገባል፤ ወረቀቱ ግን እንደነበረ ይቀራል። ክፋት የለበትም፤ ረስተውት ነው። ሆኖም መሥሪያ ቤቱ ሰነዱን ሲያመሳክር አይገጥምለትም፣ ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ። «አንዴ ካስታወቁ በኋላ አርሙልኝ ማለት ራስን ማስከሰስ ነው» ይባላል። አዋጁ የሚለው ሌላ ነው። ግብሩን ራሱ አስልቶ ያስታወቀ ሰው፣ ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ምክንያቱን ጽፎ እንዲታረምለት ማመልከት ይችላል። ማጭበርበር ባለበት ጊዜ ግን መሥሪያ ቤቱ በማናቸውም ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያርም ይችላል፤ የአምስት ዓመቱ ገደብ አያግደውም። እንግዲህ ደረሰኝና የኪራይ ውል ቢያንስ አምስት ዓመት ይቀመጥ። በስኳር ከረጢትም ይሁን በሳጥን፣ ብቻ አይጥ አይብላው።

ገንዘቡን እናስላው፤ ሰውን የሚያስፈራው እሱ ነውና። ለምሳሌ የ2011 ዓ.ም.ን ኪራይ እንውሰድ። እናት በወር 3,000 ብር፣ በዓመት 36,000 ብር ተብሎ ተጽፎላቸዋል እንበል። የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ በአዋጁ ግማሹ ለወጪ ይቀነስለታል፤ 18,000 ብር ይቀራል። የመጀመሪያው 7,200 ብር ግብር አልነበረበትም፣ በቀሪው 10,800 ብር ላይ 10 በመቶ ሲታሰብ 1,080 ብር ነው። በእርግጥ የተከራየው ግን በወር 5,000 ብር፣ በዓመት 60,000 ብር ነበር። ግማሹ 30,000 ብር ነው። እስከ 19,800 ብር ድረስ 1,260 ብር፣ ከዚያ በላይ ባለው 10,200 ብር ላይ በ15 በመቶ 1,530 ብር፣ በድምሩ 2,790 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 1,710 ብር ነው።

ይህ 1,710 ብር ቤት አያፈርስም። ቤት የሚያፈርሰው መዘግየቱ ነው። ተጨማሪው ግብር እንዲከፈል ቀን ቢሰጥም፣ ወለዱና የመዘግየት መቀጫው የሚቆጠረው መጀመሪያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። መቀጫው ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 2 በመቶ ይጨመራል። በእኛ ምሳሌ በአንድ ዓመት 461 ብር ከ70 ሳንቲም፣ በሦስት ዓመት 1,282 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል፤ ከዋናው ግብር ግን እንዳይበልጥ ጣሪያ አለው። ወለዱ ለብቻው ነው፤ የንግድ ባንኮች ከፍተኛው የማበደሪያ ወለድ በ15 በመቶ ከፍ ተደርጎ ይታሰባል። አሳንሶ ማስታወቅ ደግሞ የራሱ መቀጫ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ የልዩነቱ 10 በመቶ፣ ሲደገም 30፣ ከዚያ ወዲያ 40 በመቶ ነው። ለዚህ ነው «ቆይ እስቲ፣ እነሱ ይምጡ» የሚለውን ምክር የማንወደው።

እርማቱ ወደ ታችም ይሠራል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቤቱ ባዶ ሆኖ የከረመበት ወር እንደተከራየ ተቆጥሮ ከሆነ ያንንም አመልክቱ። በተለይ የጦርነቱን ዓመታት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ያለውን፣ ተከራይ ጥሎ የሄደበትን፣ ባንክ ተዘግቶ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ያጣበትን ጊዜ የምታስታውሱ፣ የትኛው ክፍል መቼ ባዶ እንደነበረ ዛሬውኑ ጻፉት። ነገ ይረሳል።

በውሳኔው ያልተስማማ ሰው፣ ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ይችላል። ከዚያ በላይ ወደ ይግባኝ ሲኬድ ግን ከተጠየቀው ግማሹን ማስያዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ 21 ቀኗን በለቅሶ ማሳለፍ አይገባም። ለቀስተኛ ቤት ከሆነ ቀን የሚቆጥር አንድ ሰው ይመደብ።

ባለቤቱ ከሞተስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1014 ከውርስ ሀብት ምን ቀድሞ እንደሚከፈል በተራ አስቀምጧል። መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የውርሱ ማስተዳደሪያና ማጣሪያ ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ነው። ግብሩ ዕዳ ነው፤ ቀብሩ ይቀድመዋል። በመሆኑም የሣጥኑን፣ የመኪናውንና የመቃብሩን ደረሰኝ አትጣሉ። የእድሩ ጸሐፊም የከፈልነውን በማኅተም አረጋግጦ ይሰጣችኋል።

በመጨረሻ፣ አሜሪካ ልጆች ያሏችሁ በስልክ ስለምትጠየቁት ጉዳይ ትንሽ እንበል። በእኛ አገር የልጅ ብዛት ግብር አይቀንስም፤ ስድስት ልጅ ያለውም ወንደላጤውም በእኩል ደመወዝ እኩል ይከፍላሉ። እዚያ ግን ጥገኛ ልጅ ያለው ሰው ይቀነስለታል። ከ24 ዓመት በታች የሆነ፣ ሙሉ ጊዜውን የሚማርና ከመተዳደሪያው ከግማሽ በላይ ራሱ የማይሸፍን ልጅ የወላጅ ጥገኛ ሊባል ይችላል። ችግሩ የሚነሳው፣ ልጁ በትርፍ ሰዓት ሠርቶ ግብሩን ቀድሞ ሲያስታውቅና «ሌላ ሰው በጥገኝነት ሊያስመዘግበኝ ይችላል» የሚለውን ሳይሞላ ሲያልፍ ነው። በኋላ አባት በኮምፒውተር ሲያስገቡ የልጁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አስቀድሞ ስለገባ ይመለስባቸዋል። መፍትሔው ልጁ 1040-ኤክስ በሚባለው ቅጽ ማረሙ ነው። አባትም የራሳቸውን በወረቀት በፖስታ መላክ ይችላሉ።

ልጁ የሚደነግጠው ከዚህ በኋላ ነው። ለምሳሌ በ2024 እ.ኤ.አ. 20,000 ዶላር ደመወዝ ያገኘና ሌላ ቅናሽ ያልወሰደ ልጅ፣ ቢያርምም የፌደራሉ ግብር አይለወጥበትም። የሚኖርበት ስቴት ግን ተጨማሪ ይጠይቀዋል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ፣ ጥገኛ የሆነ ሰው ለራሱ የሚቀነስለትን 3,200 ዶላር ያጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ የስቴቱ 4.75 በመቶና የካውንቲው 3.2 በመቶ ተደምሮ 254 ዶላር ገደማ ይሆናል።

«አባቴን ስለረዳሁ ልቀጣ ነው ወይ?» ይላሉ ልጆቹ። ቅጣት አይደለም። ያው 3,200 ዶላር ወደ አባትየው ሒሳብ ይዞራል፤ ገቢያቸው ከፍተኛ ካልሆነ በቀር ሜሪላንድ ከልጁ የወሰደውን ለአባት ይቀንሳል። ከዚያም በላይ ከፌደራሉ ለጥገኛ የሚሰጥ እስከ 500 ዶላር ቅናሽ ያገኛሉ። ስለዚህ ቤተሰቡ አይከስርም፤ ገንዘቡ ከልጅ ኪስ ወደ አባት ኪስ ነው የዞረው። ደውለው ለጠየቁን የሰጠነው መልስ፣ ያችን 254 ዶላር አባትየው ለልጁ ይተኩለት የሚል ነው።