ቃለ መጠይቅ የተጠራች እናት ምን ትልበስ?
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ልብስ ነው። በሃምሳ ዓመቷ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትቀርብ ሴት ምን ለብሳ ትሂድ? ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ያነሣነው ለጌጥ ብለን ሳይሆን እንጀራችንን ስለሚነካ ነው።

የብዙዎቻችን ኑሮ ከቡና ጋር የተያያዘ መሆኑን ታውቃላችሁ። እሸቱ ከይርጋጨፌ፣ ከወናጎ፣ ከኮቸሬ፣ ከገደብ ሲሰበሰብ በማጠቢያ ጣቢያው አልጋ ዳር ቆመን እንለቅማለን። ወቅቱ ሲያልፍ ሥራውም አብሮ ያልፋል። ያን ጊዜ በትምህርት ቤት፣ በሆቴል ወይም በሆስፒታል የጽዳትና የወጥ ቤት ማስታወቂያ ሲወጣ እንመዘገባለን። ቡና ስንለቅም ልብሳችንን ያየ ሰው አልነበረም። አሁን ግን ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ከእግር እስከ ራሳችን ያዩናል።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዲት እናት ለወጥ ቤት ሥራ ተጠራች። ባሏን ካጣች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር፤ ጥቁሩን ግን አላወለቀችም። ነጠላዋንም እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ገባች። ከጠያቂዎቹ አንዱ ስለ ሥራው ምንም ሳያነሣ «እማማ፣ ሐዘን ላይ ነዎት እንዴ? ሌላ ጊዜ ቢመጡ አይሻልም?» አላት። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሠርግና ለተዝካር ድንኳን ወጥ የሠራች ሴት፣ ስለ ወጥ አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ቤቷ ተመለሰች።

መጀመሪያ በሰውየው ተናደድን። ቆይተን ግን ራሳችንን ጠየቅን፤ ስትሄድ አይተናት እኛስ ለምን ዝም አልን? ሐዘንሽን አውልቂ ማለት ከብዶን ነው። እንዲህ የማለት መብትም የለንም። መላውን ያገኘችው ራሷ ናት። ለሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ጥቁር ጉርድ ቀሚሷን እንደለበሰች ከላይ ግራጫ ሹራብ ደረበች፤ ነጠላዋን ትታ ንጹሕ ሻሽ አሰረች። ያን ሥራ አላገኘችም። ቢሆንም ስለ ሙያዋ ጠይቀዋት፣ መልሳ፣ ቀና ብላ ወጣች። ከሦስት ወር በኋላ በሌላ ቦታ ተቀጥራ ዛሬ ደመወዝተኛ ናት።

ከእሷና ከሌሎቻችሁ የተማርነውን እንንገራችሁ።

ልብሱ አዲስ መሆን የለበትም። ከሳልባጅ ተራ የተገዛ ኮት በልኩ ከተጠበበና ቁልፉ ከተሟላ ይበቃል። ጉርድ ቀሚሱ ስንቀመጥ ጉልበት የሚሸፍን ይሁን። ነጩ የሐበሻ ቀሚስ ያምርብናል፤ ነገር ግን ለጽዳትና ለወጥ ቤት ሥራ የቀረበች ሴት ለበዓል የለበሰች መምሰል የለባትም። ነጠላ የምትለብሱ፣ እየወደቀ እጃችሁን ሥራ እንዳያስፈታው አጥፋችሁ ትከሻችሁ ላይ አድርጉት። ሻሽም ሆነ ሂጃብ ንጹሕና የተተኰሰ ይሁን።

ሽታን አንርሳ። ልብሳችን የሚሰቀለው ብዙ ጊዜ ምድጃው ባለበት ቤት ነው። እኛ ጭሱን ለምደነዋል፤ ሌላው ሰው ግን ወዲያው ይሸተዋል። ስለዚህ ከሁለት ቀን በፊት ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይዋል። በዚያ ሳምንት ፀጉራችንን ቅቤ አንቀባ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ካውያውን ለጠዋት አናቆየው። የከሰል ካውያ ያላችሁም አመዱን አራግፉ፤ በአንዲት ፍንጣሪ የተበላሸ ቀሚስ አይተናል።

የዲላን ጭቃ ማንም አይነግራችሁም። በኮንጎ ጫማ ሂዱ፤ ደህናውን ጫማ በፌስታል ያዙ፤ በሩ ጋ ስትደርሱ እግራችሁን አብሳችሁ ቀይሩ።

ሽበት እንቀባ ወይ? ብላችሁ ጠይቃችሁናል። እንደየፍላጎታችሁ ነው። ዕድሜን ለመደበቅ ከሆነ ግን ድካም ነው፤ መታወቂያችን ላይ ተጽፏል። በአገራችን የጡረታ ሕግ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ስለዚህ «ዕድሜዎ አልገፋም ወይ?» ስትባሉ አትደንግጡ። የሃምሳ ዓመት ሴት «ገና አሥር ዓመት እሠራለሁ፤ የሠራሁበትም ይኸው» ብላ የሥራ ልምዷን ታስረዳ።

ልብስ ሁሉን በር አይከፍትም። አጥርተን ለብሰን የተመለስንባቸው ቀናት አሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በጾታ ምክንያት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። ሴት በመሆኗ የተገፋች እናት ካለች ልብሷን አትውቀስ፤ ወደ ማኅበሩ ትምጣና አብረን እንጠይቅ።

ስለ ሣጥናችንም አንድ ነገር እንበል። ዛሬ በውስጡ አንድ ኮት፣ ሦስት ጉርድ ቀሚስ፣ ሁለት ሹራብና ሁለት ጥንድ ጫማ አለ። የተጠራች አባል ስሟን አስመዝግባ ትወስዳለች፤ አጥባና ተኩሳ በሦስተኛው ቀን ትመልሳለች። ከሣጥኑ መውሰድ ውርደት አይደለም፤ የዕቁብ ተራ እንደመቀበል ቁጠሩት። ደጋፊዎቻችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ግን በቅቶናል፤ ዝቅ ያለ ጥቁር ጫማ፣ አንድ ደህና ካውያና የንባብ መነጽር ብታመጡልን ሥራ ላይ ይውላል። ፎርም ማንበብ አቅቷቸው የሚያፍሩ እናቶች አሉን።

አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። አያያዙን እኛ እንርዳችሁ፤ አነጋገሩ የእናንተ ነው። በሚቀጥለው ወር ስለ እሱ እንለማመዳለን፤ የተጠራችሁ ካላችሁ ግን ወሩን አትጠብቁ፣ ነገ ኑ።