በአየር ላይ መሣል፦ ቨርቹዋል ሪያሊቲና የፈጠራ ትምህርት

አንደኛዋ አቅራቢ፦ ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ ማለትም ዓይንን በሚሸፍን መነጽር አማካይነት ተጠቃሚውን ኮምፒውተር በፈጠረው ዓለም ውስጥ የገባ እንዲመስለው የሚያደርገው ቴክኖሎጂ፣ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አይቫን ሰዘርላንድ በ1968 እ.ኤ.አ. ከተማሪው ከቦብ ስፕሮል ጋር ከሠራው፣ ከጣሪያ ላይ ከሚንጠለጠለው መሣሪያ ጀምሮ የተማሪ እጅ ያለበት ነው።

ሁለተኛው አቅራቢ፦ ይሁንና መነጽር ማጥለቅ ብቻውን ትምህርት አይሆንም፤ ማክራንስኪ፣ ቴርኪልድሰንና ሜየር በ2019 ያሳተሙት ጥናት እንዳመለከተው፣ ምናባዊ ቤተ ሙከራን በመነጽር የጎበኙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተራ ኮምፒውተር ከተከታተሉት ይልቅ በቦታው የመገኘት ስሜታቸው ቢያይልም፣ የቀሰሙት ዕውቀት አንሶ ተገኝቷል።

አንደኛዋ አቅራቢ፦ ምናልባትም ልዩነቱ የሚመጣው ተማሪው ተመልካችነቱን ትቶ ሠሪ ሲሆን ነው። በ2016 የወጣውና ጉግል በ2021 የፕሮግራም ኮዱን ለሁሉም ክፍት ያደረገው ቲልት ብራሽ የተባለው የቨርቹዋል ሪያሊቲ ሥዕል ፕሮግራም፣ ቀለምን በወረቀት ሳይሆን በአየር ላይ ለመቀባት ስለሚያስችል፣ ተማሪው በሥዕሉ ዙሪያ እየተዘዋወረ፣ ከፊት ሲታይ ያማረው መስመር ከጎን ሲታይ መጣመሙን ያስተውላል፤ ስለ ጥልቀት ይህን ያህል የሚያስተምር የጥቁር ሰሌዳ ሥዕል ማግኘት ያዳግታል።

ሁለተኛው አቅራቢ፦ መነጽሩ በአንዳንዶች ላይ የሚያስከትለው ማቅለሽለሽስ?

አንደኛዋ አቅራቢ፦ ማቅለሽለሹ የሚከሰተው ዓይን እንቅስቃሴ እያየ፣ ሚዛን ጠባቂው የውስጥ ጆሮ ግን ሰውነት አለመንቀሳቀሱን ሲናገር ሲሆን፣ እዚህ ግን የሚንቀሳቀሰው ሠዓሊው በገዛ እግሩ ስለሆነ ይቀንሳል፤ ይልቅስ የሚያስቸግረው የክፍሉ ጥበት ነው።