የዶሮ ቅንቅንን ከቤት ስለ ማጥፋት
ለመተማና ለአካባቢው ቆላ እናቶችና ቤተ ሰቦች የተሰጠ ትምህርት



ታቅፋ የነበረች ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ስትነሣ፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ሲገረጣ፣ ጫጩቶች አንድ ባንድ ሲያልቁ፣ ልጆችም ሌሊቱን ሲያኩ ሲያድሩ አይታችሁ ይሆናል። ሰው «ዓይን ነው» ይላል፤ ነገር ግን ምክንያቱ የዶሮ ቅንቅን ሊሆን ይችላል።

ቅንቅን ከጤፍ ቅንጣት አይበልጥም። ሳይበላ አመድማ ነው፤ ደም ሲመጥ ይቀላል። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ መኖሪያው የዶሮዋ ገላ ሳይሆን ቤቱ ነው። ቀን በቆጡ ስንጥቅ፣ በግድግዳው ቀዳዳና በጉዝጓዙ ሣር ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ደም መጥጦ ይመለሳል። ስለዚህ ዶሮዋን ብቻ ብታክሙ ትርፉ ድካም ነው። ዶሮዎቹን ሸጣችሁ ብትጨርሱም ሳይበላ ብዙ ሳምንት ይቆያል። ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ከእንቁላል ወጥቶ ራሱ እንቁላል እስኪጥል አንድ ሳምንት ያህል ይበቃዋል።

እንዴት ይታወቃል? ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ባትሪ ይዛችሁ የቆጡን ሥር በነጭ ጨርቅ እሹት። ጨርቁን ደም ከነካው ቅንቅን አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ጧት ዶሮዎቹን አስወጡ። ሣሩንና ኩሱን ጠርጋችሁ ከሣር ቤትና ከክምር ርቃችሁ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት አቃጥሉ።

2ኛ/ ቆጡን አውጥታችሁ በየስንጥቁ የፈላ ውሃ አፍሱበት፤ ፀሐይ ላይም አድርቁት። ልጆች አይጠጉ።

3ኛ/ የግድግዳውን ቀዳዳ በጭቃና በእበት ምረጉ፤ ኖራ ካገኛችሁ ቀቡት።

4ኛ/ ዶሮዎቹ እንዲንከባለሉበት በጉድጓድ ውስጥ ደረቅ አፈርና የቀዘቀዘ አመድ አድርጉላቸው።

5ኛ/ የተረፈው እንቁላል ይፈለፈላልና ሥራውን በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ድገሙት።

6ኛ/ ሸለምጥማጥን ፈርቶ ዶሮን ከልጅ ጋር ማሳደር የተለመደ ነው። ይልቅስ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በሩ የሚዘጋ የዶሮ ቤት ደጅ ላይ ሥሩ።

አሁን የምለውን በተለይ ስሙኝ። በመተማ ሰሊጥና ጥጥ ስለሚዘራ የእርሻ መርዝ ከቤት አይጠፋም። እሱን በዶሮ፣ በቆጥ ወይም በልጅ መኝታ ላይ መርጨት ፈጽሞ አይገባም። መርዙ በቆዳና በትንፋሽ ወደ ሰው ይገባል፤ ወደ እንቁላሉም ያልፋል። የዶሮ መድኃኒት ከፈለጋችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ሕፃን መርዝ ከነካው ልብሱን አውልቃችሁ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፤ ከዋጠም እንዲያስታውክ አታስገድዱት። የመርዙን ዕቃ ይዛችሁ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ቅንቅን ሰውን ቢነክስም በሰው ገላ ላይ አይራባም፤ ቤቱ ሲጠራ ማሳከኩም ይተዋል። ካልተወ ግን እከክ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ አሳዩት።

ጤነኛ ዶሮ እንቁላሏ ለልጅ ምግብ፣ ለእናት የጨውና የሳሙና መግዣ ነው። እባካችሁ፣ ዛሬ ማታ ቆጡን መርምሩ።